ማስመሪያው ዛፍ ሲሥል

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ማስመሪያው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እኔ እጄ የለበትም። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነበር። በመንገዳችን ግራና ቀኝ የተሰቀለውን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የጫማ ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የእኔንም የልብስ ስፌት ቤት የጻፈው እሱ ነው። ቆርቆሮውን ነጭ ይቀባና ያደርቀዋል፤ በማስመሪያና በእርሳስ ከላይም ከታችም ያሰምራል፤ ከዚያ በግራ እጁ ቀጭን ዘንግ ይዞ፣ ቀኝ ክንዱን ዘንጉ ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ፊደሉን ይስባል። የኋላ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ጨርቅ አለች። የፊደሉ ጠርዝ የፀጉር ያህል ከመስመር ከወጣ ጨርቋን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ይጠርግና ያስተካክላል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ያያል፤ ተመልሶ ደግሞ ይጠርጋል። ቸኩያለሁ የሚል ደንበኛ ሌላ ሰው ቢፈልግ ይሻለዋል።

ቤት ሲገባም ያው ነው። መጋረጃ ዘመም ካለ ምግብ አይዋጥለትም። የጠረጴዛው ልብስ በአራቱም ማዕዘን እኩል ካልተንጠለጠለ አይቀመጥም። እኔ ራሴ አንድ ቀን ዘመም ብዬ ብቆም ትከሻዬን ይዞ የሚያቃናኝ ይመስለኛል።

የእኔን ታፔላ የጻፈው ገና ሳንጋባ ነው። ሱቁን እንደ ከፈትኩ አስጠራሁትና «የሴቶችና የሕፃናት ልብስ ስፌት» ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። ለመለካት መጣ። ልኩን ለማረጋገጥ ደግሞ መጣ። ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ቀለሙ መድረቁን ሊያይ መጣ፤ ሲዘንብ «ዝናብ አገኘው ወይ?» ብሎ መጣ፤ ሲያባራ ደግሞ «ፀሐይ አልጎዳውም?» ብሎ መጣ። እናቴ «ይኼ ታፔላ አያልቅም እንዴ?» አለች። በመጨረሻ አለቀ፤ ተጋባን።

እጁ መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ ያወቅኩት ከሻይ ብርጭቆው ነው። ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ይንቃጨላል። «ምንድን ነው?» ስለው «ብርጭቆው ነው፤ ቂጡ ጠማማ ነው» አለኝ። ብርጭቆ ቀየርኩለት፤ እሱም ተንቃጨለ። ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙን ታፔላ ሊያድስ ሄዶ አንዷን ፊደል ሲጽፍ ሲጠርግ፣ ሲጽፍ ሲጠርግ ውሎ፣ ቀለሙን ክፍት ትቶ ወደ ቤት መጣ። ባሌ የቀለም ጣሳ ሳይከድን ሲመጣ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ አየሁ።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ እጁን ዘርግቶ እንዲይዝ፣ ክብ እንዲሥል፣ ጣቱን አፍንጫው ላይ እንዲያደርግ አዘዘችውና «የሚገድል በሽታ አይደለም፤ አብሮ የሚኖር መንቀጥቀጥ ነው። መድኃኒቱ ቀለል ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም» አለች። እኔ «አይገድልም» የምትለዋን ይዤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሱ «አያጠፋውም» የምትለዋን ይዞ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ የራሱን ታፔላዎች ቀና ብሎ ሳያይ፣ መሬት መሬቱን እያየ ቤት ደረስን።

ታፔላ የሚጽፍበትን ቤት ዘጋና እኔ ሱቅ መዋል ጀመረ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። መቀሶቼን በቁመታቸው ደረደራቸው። እጄ በለመደበት ያስቀመጥኳቸውን ክሮች በየቀለማቸው ለያያቸው። እኔ ስለካ ከኋላዬ ቆሞ አንዷን ደንበኛዬን «ግራ ትከሻሽ ዝቅ ይላል» አላት። እውነቱን ነው፤ ዝቅ ይላል። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ጥጥ ደረብ እያደረግኩ የሰፋሁላት እንዳታውቀው ብዬ ነበር። ሴትዮዋ መስታወቱ ፊት ቆማ ትከሻዋን ስታይ ዋለች። ቆሽቴ አረረ።

እሑድ ልጃችን ስትመጣ «አባትሽን ከሱቄ አውጪልኝ፤ አለዚያ እኔ ልውጣና እሱ ይስፋ» አልኳት። ልጃችን አስተማሪ ናት፤ የምታስተምረው ሕፃናት ስለሆነ ያኮረፈ ወንድ አያያዝ ታውቃለች። በሚቀጥለው ስትመጣ የውሃ ቀለም በሣጥን፣ ወፍራም ወረቀትና ትልቅ ትንሽ ብሩሾች ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ዛፍ ሣል» አለችው።

«ምን ሊያደርግልኝ?»

«ምንም። ዝም ብለህ። መጀመሪያ ወረቀቱን በውሃ ታረጥበዋለህ፤ ከዚያ ቀለሙን ጠብ ታደርጋለህ፤ እሱ ራሱ ይሄዳል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ፈለገበት።»

ባሌ ቀለም ወደ ፈለገበት እንዳይሄድ ሲከለክል ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ትኩሳት ያላት መስሎት ይመስለኛል፣ ልጁን ትክ ብሎ አያት። እሷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና «ደግሞ እርጥብ ላይ አትነካካ። ያን ጨርቅህን አውቀዋለሁ። ተወው፣ ይድረቅ» አለችው።

ከሱቄ ኋላ ትንሽ ጓሮ አለች፤ የውሃ ቧንቧ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ አንድ ትልቅ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ። ይኼን ዛፍ የሚያውቅ ይፍረደኝ፤ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፣ በግራና በቀኝ ተሰልፎ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ተቆጥሮ አያልቅም። ባሌ በሩ ላይ በርጩማ አስቀመጠ፤ ማስመሪያውን አወጣ፤ ግንዱን በማስመሪያ አሰመረ። ከዚያ በቀጭኗ ብሩሽ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ጀመረ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቅጠሏ ትጣመማለች፤ ጨርቁን አውጥቶ ይጠርጋታል፤ ወረቀቱ ይላጣል፤ ይቀደዳል፤ ጥሎት አዲስ ይጀምራል። እኔ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ የወረቀት መቀደድ ስሰማ እውላለሁ። አንዱ ብቻ ሳይቀደድ ተረፈለትና ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጋውኗን ልትወስድ መጥታ፣ ቆማ አይታ አይታ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ማበጠሪያ ምን ሊያደርጉት ነው?» አለችው። ያን ቀን ምሳውን ግማሽ ትቶ ተነሣ።

በዚህ መሀል ሱቄ ያለበት ሕንፃ ባለቤት የፊት ለፊቱን ግድግዳ ላስቀባ ነው ብለው መጡ። ያረጀ ታፔላ ሁሉ ይወርዳል፤ ቀለሙ ሲደርቅ አዲስ ይሰቀላል። የእኛም ወረደ። በቅርብ ሳየው ደነገጥኩ፤ ፀሐይ በልቶት «የሴቶችና» የሚለው ጭራሽ የለም። ለካ እኔ ሳነበው የኖርኩት ከልቤ ነው። ለዚህ ነዋ አዳዲስ ሰዎች እኔን ሲፈልጉ መንገድ ተሻግረው ሌላዋ ልብስ ሰፊ ጋ የሚገቡት። ጎረቤቶቼ ሁሉ ወደ ባነር አታሚው ሄዱ፤ ጠዋት ያዘዙትን ከሰዓት ይወስዳሉ፤ ፎቶ አለው፤ ያብለጨልጫል።

ባሌ አዲስ ቆርቆሮ አስቆረጠ፤ ነጭ ቀባና ከሱቄ ኋላ ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። «እጄ ረጋ ሲል እጽፈዋለሁ» አለ። እጁ ግን አይረጋም። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያ ነጭ ቆርቆሮ ያፈጥብኛል። አታሚው ጋ ብሄድ ባሌን «እጅህ አለቀለት» ብዬ በአደባባይ መስቀሌ ነው፤ ያውም በራሴ በር ላይ። ካልሄድኩ ደግሞ ሱቄ ስም የለውም፤ ስም የሌለውን ሱቅ ማን ብሎ ያገኘዋል? እንቅልፍ ነሣኝ ብል ውሸት ነው፤ እኔ ትራስ ካገኘሁ እተኛለሁ። ቀን ቀን ግን ሲከነክነኝ ይውል ነበር።

መነጽራችን አንድ ነው። የእሱ ተሰብሮ «እስኪሠራ ያንቺን ልዋስ» ካለ ወዲህ ሳይሠራ ቀረ፤ ልካችንም አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በእኛ ቤት መነጽር ያደረገ ይሠራል፤ ያላደረገ ይጠብቃል። የትምህርት ቤት መከፈቻ ደረሰና የዩኒፎርም ሥራ እስከ አንገቴ ሞላኝ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኝ ጓሮ ሄድኩና መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ ነቅዬ ወሰድኩት።

«ኧረ ቅጠል ላይ ነኝ!» አለ።

«ቅጠልህ ይጠብቃል፤ ልጆቹ ራቁታቸውን ትምህርት ቤት አይሄዱም።»

«ያለ መነጽር እንዴት አድርጌ ልሣል? ወረቀቱ አይታየኝም እኮ!»

«ዛፉስ ይታይሃል?»

«ዛፉማ ይታየኛል።»

«በቃ እሱን ሣላ!»

ይኼን ያልኩት ተናድጄ ነው። በኋላ ልጄ ብልህ ሴት አድርጋ ስታሞግሰኝ ዝም ብያለሁ፤ ሙገሳ በየቀኑ አይገኝም።

እሱም ተናደደ። ቀጭኗ ብሩሽ ጫፏ ስለማይታየው ጣላትና ትልቁን ጠፍጣፋ ብሩሽ አነሣ። ወረቀቱን በውሃ አጥለቀለቀው። የእርሳሱ መስመር አይታየውም፤ ማስመሪያውም የት እንደ ገባ እንጃ። ከበርጩማው ተነሥቶ ቆመና ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ እያወናጨፈ አረንጓዴውን ወረቀቱ ላይ መታው። ሲያጉረመርም ይሰማኛል፤ ስለ ሚስቶች ነው የሚያጉረመርመው። ከዚያ ማጉረምረሙ ቆመ። አንዱን ኮሌታ ጨርሼ ሌላውን ስይዝ ገባ።

«ይኸው! አበላሸሁት። ያንቺ ሥራ ነው!» አለና ወረቀቱን ቁርጥራጭ ጨርቅ የማጠራቅምበት ቅርጫት ውስጥ ወርውሮ ወጣ።

አነሣሁት። ገና እርጥብ ነው። ቀረብ አድርጌ አየሁት፤ ከዚያ መነጽሬን አውልቄ ራቅ አድርጌ አየሁት። የጓሯችን ዛፍ ነው! አንድም ቅጠል አልተሣለበትም። አረንጓዴው ከላይ ሳሳ፣ ከሥር ጠቆር ብሎ ቁልቁል ፈስሷል፤ ዛፋችንም እንዲሁ ነው የሚንጠለጠለው። ግንዱ ከታች ይታያል፣ ከአረንጓዴው ኋላ ይጠፋል፣ ከፍ ብሎ እንደገና ብቅ ይላል። ብሩሹ ያልደረሰበት ነጭ ወረቀት ከሰዓት በኋላ በቅርንጫፎቹ መሀል ሾልኮ የሚገባው ብርሃን ሆኗል። ብሩሹን ሲያራግፍ የተረጨው ቀይ ጠብታ ደግሞ ፍሬው ነው። እጁ የተንቀጠቀጠበትን ቦታ ፈለግኩ፤ አጣሁት። ክንድ ሙሉ ሲወዛወዝ የጣት መንቀጥቀጥ ለካ ቦታ የለውም። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ፤ ኮሌታውን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

መስታወቱ አጠገብ በስፒል ሰካሁት። ነርሷ ሌላ ጋውን ልታሰፋ መጥታ፣ እጆቿን ዘርግታ እየለካኋት ሳለ፣ «ውይ! የጓሮው ዛፍ! ማን ሣለው?» አለች። ባሌ ከመጋረጃው ኋላ ነበር። ሲወጣ ፊቱን ኮስተር ለማድረግ ይታገላል። በቀጥታ ወደ ሥዕሉ ሄዶ ወረቀቱን አቃናው። ዘሞ ነበር።

እሑድ ልጃችን አይታው «አባዬ፣ ያንተ ነው?» ብላ ጮኸች። «የእናትሽ ነው» አላት። «መነጽሬን ቀምታኝ ነው።» የእኔን መነጽር «መነጽሬ» ሲል አለፍኩት፤ ደስ ባለው ሰው ላይ ነገር አላበዛም።

ከዚያ ወዲህ ሊሥል ሲወጣ ራሱ አውልቆ «ያዢልኝ» ይለኛል። ማስመሪያውንም ለእኔ ሰጠኝ፤ ጨርቅ እቆርጥበታለሁ። ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ዛፉን ያያል፤ ከትልቁ ይጀምራል፤ ለወፎቹ መግቢያ ቀዳዳ ይተዋል፤ አሁን ላሳምረው የሚል ነገር ሲመጣበት ተነሥቶ ውሃ ይጠጣል። የተቸገረው ይኼን የመጨረሻውን ሲማር ነው። እርጥብ ሥዕል ፊት ቆሞ እጁ ወደ ኋላ ኪሱ ሲሄድ አያለሁ፤ «ይድረቅ!» እላለሁ ከስፌት መኪናዬ ላይ። አንዳንዴ ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ወረቀቱን ይልጠዋል። መንገድ ስንሄድ ቀና ማለት ጀመረ፤ ታፔላዎቹን አልፎ ከበላያቸው ያለውን ዛፍ ያያል፤ ስንቴ ከሰው ጋር ሊጋጭ ሲል ክንዱን ይዤ አስጥዬዋለሁ። ማታ ሻዩን ግማሽ እቀዳለታለሁ። ብርጭቆው ይንቃጨላል፤ እሱ ግን «ዛሬ ነፋስ ነበረ» ይለኛል። ልብስ ስሰቅል የዋልኩት እኔ፤ ነፋስ እንደ ነበረ ከእሱ ልስማ!

የታፔላውን ነገር ግን አያነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም። የግድግዳው ቀለም ደረቀ። የሕንፃው ባለቤት መጥተው «እህቴ፣ ነገ ሠራተኛው መሰላል ይዞ ይመጣል፤ የቀረው ያንቺ ታፔላ ብቻ ነው» አሉኝ።

ባሌ ሰማ። ነጩን ቆርቆሮ ወደ ጓሮ አወጣ፤ ሁለት ወንበር ላይ አቁሞ ከዛፉ ጋር አስደገፈውና ማስመሪያውን ከእኔ ወሰደ። አሰመረ። መነጽሩን አደረገ። ዘንጉን ያዘ። እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ ጆሮዬ እዚያ ነው። ጨርቋ ቆርቆሮው ላይ ስትታሽ ሰማኋት። ዝም አለ። ደግሞ ታሸች። ደግሞ ዝም። ደግሞ ታሸች። መኪናዬን አቁሜ ወጣሁ።

የመጀመሪያዋ ፊደል ቦታ ላይ ሰማያዊ ቡራቡሬ አለ እንጂ ፊደል የለም። ባሌ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጧል።

«አታሚው ጋ ሂጂ» አለኝ። «ጎበዝ ልጅ ነው። ጥሩ አድርጎ ይሠራልሻል።»

ይኼን ቃል ስጠብቀው ነበር የከረምኩት፤ ሲመጣ ግን ከበደኝ። በቁጣ ቢናገረው ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ለእኔ አስቦ ነው የተናገረው። ላለቅስ ሆነና ተቆጣሁ፤ እኔ ሲጨንቀኝ የምቆጣ ሴት ነኝ።

«አታሚ አልፈልግም!»

«እና ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ዛፉን ሣልልኝ።»

«ታፔላ ላይ? ዛፍ? ልብስ ሰፊ ነሽ እንጂ ጣውላ ነጋዴ ነሽ እንዴ?»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ደንበኛ ነኝ። ደንበኛ ያዘዘህን ትሠራለህ ወይስ አትሠራም?»

ደንበኛ ነኝ ካልኩት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ቆርቆሮውን አየ፤ ቀና ብሎ ዛፉን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «ያዢልኝ» አለ።

አረንጓዴውን የዘይት ቀለም በአኳራጅ እንደ ውሃ እስኪሆን አቀጠነው። ሰማያዊውን ቡራቡሬ በዚያው በአኳራጅ አርሶ ሰፋ አድርጎ አሸው፤ ሰማይ ሆነ። ቤት የሚቀባበትን ሰፊ ብሩሽ አነሣና ከትከሻው ጀመረ። ቀለሙ ቁልቁል ሲፈስ «ያዢ! ወደዚህ አዘንብዪው!» ይለኛል፤ አዘነብላለሁ፤ «በዛ! መልሺው!» ይለኛል፤ እመልሳለሁ። ያቺ ጨርቁ ያን ቀን ያልለመደችውን ሥራ ሠራች፤ እርጥቡን አረንጓዴ እዚህም እዚያም ጠረግ ጠረግ እያደረገች ብርሃን አስገባችበት። ቀሚሴ በአረንጓዴ ተዥጎረጎረ። ብሩሹን አራግፎ ፍሬውን ሲረጭ ፊቴንም አልማረኝም። እየሳቅን፣ እየተጯጯህን ዛፉ ቆመ።

«ጽሑፉስ?» አልኩት። ከዛፉ በስተቀኝ ሰፊ ነጭ ቦታ ቀርቷል።

እጁን አየ፤ ከዚያ የእኔን እጅ አየ። «አንቺ ጻፊው።»

«እኔ? እኔ የጻፍኩትን እኔ ራሴ መልሼ አላነበውም!»

«ልብስ ስፌት በዪ፤ ይበቃል።»

«እሺ አሰምርልኝ።»

«ካሰመርኩልሽ ትፈሪያለሽ። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

መነጽሩን አድርጌ፣ ከንፈሬን ነክሼ ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ ፊደል በር ታህላለች። መሀል ላይ ስደርስ ቦታው እንደሚያልቅ ገባኝና የቀሩትን አጨናነቅኳቸው። መስመሩ ደግሞ ጀማሪ እንደ ቆረጠው የቀሚስ ዘርፍ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ሰማይ ደረሰ። ከመጨረሻዋ ፊደል እግር ሥር ቀለም ጠብ ብሎ መውረድ ጀመረ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ልሸሽ ቃጣኝ። እንኳን በማስመሪያው ሚስት በር ላይ፣ በማንም በር ላይ የሚሰቀል አይደለም።

ባሌ ከጎኔ ቆሟል። እጁ ወደ ኋላ ኪሱ ሲሄድ አየሁት። ያን እጅ አውቀዋለሁ፤ መጋረጃ ሲያቃና፣ የጠረጴዛ ልብስ ሲያቃና አብሬው ኖሬያለሁ። ጨርቋ ወጣች። ከመንገዱ ዞር አልኩለት፤ ጠርጎ ቢያጠፋው አልቀየመውም ነበር። ጨርቋ እጁ ውስጥ ለአፍታ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሳት።

«ተይው» አለኝ። «ይድረቅ።»